በተጠባባቂ ጦር በር የገባው አብራሪ



ባለፈው የብድር ኮሚቴ ስብሰባ አንዲት አባላችን፣ በዕድሜ እናታችን የሚሆኑ፣ ልጃቸውን አስከትለው መጥተው ነበር። ልጅቱ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች ናት። ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ አንድ መንፈቅ ቀርቷታል፤ ሐሳቧ ሁሉ ግን አውሮፕላን ማብረር ላይ ነው። አንድ የግል የበረራ ትምህርት ቤት የሰጣትን የዋጋ ዝርዝር አየነው። የማኅበራችን የብድር ጣሪያ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት እንኳ አይሸፍንም። ሌላ መንገድ እንዳለ የነገረችን ራሷ ልጅቱ ናት፤ በአየር ኃይሉ ተጠባባቂ ጦር ወይም በናሽናል ጋርድ በኩል መግባት። ተመርጣ ከተቀበሏት የሥልጠናውን ወጪ የሚችለው መንግሥት ነው፤ በሥልጠናው ጊዜም ደመወዝ አለ። እናቲቱ ጦር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ዝም አሉ። ሁለት ወንድሞቻቸው በደርግ ጊዜ ዘምተው አልተመለሱም።

ኮሚቴው በዚያን ዕለት ምንም ሳይወስን ተበተነ። እኛም የማኅበሩን መዝገብ የምንይዝ እንጂ የጦር ነገር የምናውቅ አይደለንም። ልጅቱ ግን ስትወጣ አንድ ስም ጥላልን ሄደች፤ ቻርልስ ሊንድበርግ። አትላንቲክ ውቅያኖስን ብቻውን በአውሮፕላን የተሻገረ ሰው መሆኑን እንሰማለን፤ ከዚያ በፊት ማን እንደነበረና ማብረሩን በማን ገንዘብ እንደተማረ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ሁለት ሳምንት ማታ ማታ ስናነብ ሰነበትን። ለልጅቱም ለእናቲቱም የሚሆን ነገር ስላገኘንበት እነሆ ጽፈነዋል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሊንድበርግ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1902 ዲትሮይት ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን በሚኔሶታ፣ ሊትል ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለ እርሻ ላይ ነው። አባቱ የሕግ ባለሙያ ሲሆን ከ1907 እስከ 1917 የኮንግሬስ አባል ነበር። እናቱ የኬሚስትሪ መምህርት ነበረች። ወላጆቹ ፍቺ ባይፈጽሙም ተለያይተው ይኖሩ ስለነበር ልጁ አንዴ ከእናቱ፣ አንዴ ከአባቱ ጋር እየተመላለሰ ብዙ ትምህርት ቤት ቀያየረ። በአንዱም ጎበዝ አልተባለም። ሞተር የሚባል ነገር ሲያይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል፤ መኪናውንም የእርሻ መሣሪያውንም ፈትቶ የሚገጥመው እሱ ነው።

በ1920 ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ለመማር ገባ። እናቱ ሥራዋን እዚያው ፈልጋ፣ ቤት ተከራይታ፣ አብራው ተዛወረች። እንዲህ ያለችውን እናት በመካከላችን ብዙ እናውቃለን፤ ልጅ ይማርልኝ ብላ ከተማ የምትቀይር። ልጁ ግን ትምህርቱ ሊገፋለት አልቻለም። ውጤቱ ወርዶ በ1922 መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀና አውሮፕላን ማብረር እማራለሁ አለ። ያን ጊዜ አውሮፕላን ማለት በእንጨትና በሸራ የተሠራ፣ በየሳምንቱ ሰው የሚሞትበት ነገር ነበር። እናቱ በውስጧ ምን እንዳለች እሷ ታውቃለች፤ አልከለከለችውም።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ኔብራስካ ግዛት፣ ሊንከን ከተማ ካለ አንድ የአውሮፕላን ኩባንያ ዘንድ ሄዶ የማስተማሪያውን ክፍያ ከፈለ። ስምንት ሰዓት ያህል ከአስተማሪ ጋር በረረ። ብቻውን ለመብረር በደረሰበት ጊዜ ግን የትምህርት ቤቱ አውሮፕላን ለሌላ ሰው ሊሸጥ ሆነ፤ ብቻውን እንዲበርበት አውሮፕላኑ ቢሰበር የሚካካስበት መያዣ ገንዘብ ማስያዝ ነበረበት። ያንን ከየት ያምጣው? እንግዲህ ማንበብ ከጀመርን ወዲህ መጀመሪያ ልባችንን የነካን ይህ ነው። ትምህርቱን ከፍሎ፣ ሰዓቱን ቆጥሮ፣ መያዣ በማጣት ብቻ ከደጅ መቅረት። ማኅበራችን የተቋቋመው ዋስና መያዣ ያጡ ሴቶች ባንክ ሲመልሳቸው አይደለም እንዴ?

ሊንድበርግ ከዚያ በኋላ በየገጠሩ እየዞሩ የአየር ላይ ትርኢት ከሚያሳዩ አብራሪዎች ጋር ረዳት ሆኖ ሠራ። አውሮፕላኑ እየበረረ ክንፉ ላይ ይቆማል፤ በፓራሹት ይዘላል፤ ሲወርድ ደግሞ ሞተር ይጠርጋል። በ1923 አባቱ ለባንክ ብድር ዋስ ሆነለትና ጆርጂያ ግዛት ሄዶ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች አሮጌ አውሮፕላን በ500 ዶላር ገዛ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የበረረው በራሱ አውሮፕላን ነው። ከዚያ ከመንደር መንደር እየዞረ ሰው በ5 ዶላር ለጥቂት ደቂቃ እያሳፈረ ኖረ። ሂሳቡን ስታስቡት ኑሮ አይባልም። ነዳጁ አለ፣ ጥገናው አለ፣ ዝናብ የጣለበት ሳምንት ባዶ ነው፤ ማረፊያው የገበሬ ማሳ ስለሆነ ጎማና ክንፍ ይሰበራል። ከሁሉ በላይ ያቺ አሮጌ አውሮፕላን ልታስተምረው የምትችለውን አስተምራ ጨርሳለች። አዲሶቹና ኃይለኛ ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች ያሉት በጦሩ እጅ ነው።

ጦሩ ውስጥ እንዲገባ የመከሩት ሌሎች አብራሪዎች ናቸው። በጃንዋሪ 1924 ኢሊኖይ ግዛት ሄዶ ተፈተነ፤ በማርች ወር ቴክሳስ ግዛት፣ ሳን አንቶኒዮ አጠገብ በሚገኘው ብሩክስ በተባለው የጦር አውሮፕላን ማረፊያ ካዴት ሆኖ ገባ። የካዴት ደመወዝ በወር 75 ዶላር ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ምግቡ፣ አልጋው፣ ነዳጁ፣ አስተማሪው፣ አውሮፕላኑ በጦሩ ሂሳብ ሆኖ በላዩ ደመወዝ ይከፈለዋል። በኔብራስካ መያዣ አጥቶ የቆመ ልጅ ይህን ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም።

ነገር ግን ነፃ አልነበረም። ካዴቶቹ የሚማሩት ማብረር ብቻ አልነበረም፤ የሞተር አሠራር፣ የአየር ጠባይ፣ የሬዲዮ መልእክት፣ ፎቶ ማንሳት፣ የጦር ሕግ ሳይቀር ፈተና ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ሊንድበርግ ለጥቂት ተረፈ። ከወደቀ እንደሚባረር ሲገባው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተር ይዞ ቁጭ አለ። ማታ መብራት ሲጠፋ፣ መብራት የማይጠፋው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ስለነበር እዚያ ሄዶ ያጠና ነበር። በመካከሉ አባቱ ታመመ። ፈቃድ ጠይቆ አየው፤ በሜይ 1924 አባቱ ሞተ። እሱ ወደ ሥልጠናው ተመለሰ።

ሥልጠናውን የጀመሩት 104 ካዴቶች ነበሩ። ዓመቱ ሲያልቅ የቀሩት 18 ብቻ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ በውጤት ማነስ የወጣው ልጅ ከእነዚህ አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። እንዲህም ሆኖ ከምረቃው ስምንት ቀን በፊት፣ በማርች 5 ቀን 1925፣ በልምምድ ላይ ከጓደኛው አውሮፕላን ጋር አየር ላይ ተጋጭቶ በፓራሹት ዘሎ ነው የተረፈው። ጓደኛውም ተርፏል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሲመረቅ የተሰጠው ማዕረግ በአየር አገልግሎት ተጠባባቂ ጦር ምክትል የመቶ አለቃ የሚል ነው። ጦሩ ያን ጊዜ በጀቱ ትንሽ ነበር፤ ያሠለጠናቸውን ሁሉ በቋሚነት የሚቀጥርበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ያሠለጥናቸዋል፣ ስማቸውን መዝገብ ላይ ያኖራል፣ ወደ ሲቪል ኑሯቸው ይሸኛቸዋል። አልፎ አልፎ እየመጡ ይበራሉ፤ የክፉ ቀን ሲመጣ ይጠራሉ። እኛ በማኅበሩ ሂሳብ ላይ በየወሩ ከምናዋጣው ጥቂቱን ወደ መጠባበቂያ እንደምናዞረው ማለት ነው። ገንዘቡ አለ፣ ግን አይነካም፤ ለቀብርና ለድንገተኛ ሕመም ነው። ተጠባባቂ መኮንንም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የኛ መጠባበቂያ ብር ነው፣ የእነሱ ግን የሰው ልጅ ነው። እናቲቱን ያስፈራቸውም ይኸው ይመስለናል።

ለሊንድበርግ ግን ይህ ግማሽ በር ሙሉ በር ሆነለት። ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄዶ በሚዙሪ ናሽናል ጋርድ የአየር ክፍል ገባ። በትርፍ ጊዜው እዚያ ይበራል፣ ሌሎችን ያስተምራል፤ በ1925 መጨረሻ የመቶ አለቃ፣ በ1926 አጋማሽ ሻምበል ሆነ። ሲቪል ሥራም ያገኘው በዚያው ከተማ ነው። ጦሩ ያሠለጠነውን አብራሪ ለመቅጠር የሲቪል ኩባንያ አያመነታም፤ አውሮፕላን ሰብሮ የተማረውን ሌላ ሰው ከፍሎለታልና። ከሴንት ሉዊስ ቺካጎ የሚሄደውን የአየር ፖስታ መስመር የያዘው ኩባንያ ዋና አብራሪ አድርጎ ቀጠረው። በረራው በኤፕሪል 1926 ተጀመረ።

እዚህ ላይ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በሴፕቴምበር 1926 ማታ ሊንድበርግ ፖስታ ይዞ ወደ ቺካጎ ሲበር መሬቱ በጭጋግ ተሸፈነ። ማረፊያ አጥቶ ሲዞር ነዳጁ ካሰበው ሰዓት ቀድሞ አለቀ። ለካ ጥገና ላይ 110 ጋሎን የሚይዘው ታንክ ስላፈሰሰ ወጥቶ በ85 ጋሎን ተተክቷል፤ ለአብራሪው የነገረው የለም። አንድ መስመር ማስታወሻ ባለመጻፉ ሰውዬው በጨለማ በፓራሹት ዘለለ። አውሮፕላኑም ታንኩ ጫፍ ላይ የቀረችው ነዳጅ ወደ ሞተሩ ገብታ እንደገና ተነሥቶ፣ እሱ እየወረደ ሳለ በዙሪያው ይሽከረከር ጀመር። ተረፈ። ደረሰኝ አምጡ፣ ለውጡን በጽሑፍ አሳውቁ እያልን ስንጨቀጭቃችሁ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ከኒውዮርክ ፓሪስ ያለ ማረፍ ለሚበር ሰው 25,000 ዶላር እሰጣለሁ ያለው ሬይሞን ኦርቴግ የሚባል የኒውዮርክ ባለሆቴል ነው። ሽልማቱ ከ1919 ጀምሮ ወሳጅ አጥቶ ቆይቷል። ታዋቂ ሰዎች ትልልቅ አውሮፕላን በብዙ ገንዘብ እያዘጋጁ ሞከሩ፤ በ1926ና በ1927 በዚህ ምክንያት የሞቱት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ያልታወቀው የሃያ አምስት ዓመት የፖስታ አብራሪ ግን በሌላ ሂሳብ መጣ፤ አንድ ሞተር፣ አንድ ሰው፣ ብዙ ነዳጅ። የሴንት ሉዊስ ነጋዴዎች አመኑት። ከባንክ 15,000 ዶላር ብድር ተገኘ፤ እሱ ከደመወዙ ያጠራቀመውን 2,000 ጨመረ፤ የፖስታ ኩባንያው 1,000 ሰጠ። በጠቅላላው 18,000 ዶላር። ከዚህ ውስጥ ለአውሮፕላኑ የተስማሙበት ዋጋ 10,580 ዶላር ነው። ሳን ዲዬጎ የሚገኝ አንድ ትንሽ ፋብሪካ በሁለት ወር ሠራለት። ክብደት ለመቀነስ ሬዲዮውን ተወ፣ አራት ጊዜ ነፍሱን ያተረፈውን ፓራሹት ሳይቀር ተወ።

ሜይ 20 ቀን 1927 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከኒውዮርክ ተነሣ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር። አምስት ሳንድዊች ይዟል። 33 ሰዓት ተኩል በርሮ፣ 5,800 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ፣ በማግስቱ ማታ ፓሪስ አጠገብ አረፈ። ከመቶ ሺ በላይ የሚገመት ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶ ጠበቀው። በረራው ብዙ ተጽፎበታልና እዚህ አናረዝመውም።

በዚያው ዓመት ስለ ራሱ የጻፈው መጽሐፍ ርዕሱ እኛ የሚል ነው። ጋዜጦች እኛ ሲል እሱና አውሮፕላኑን ማለቱ ነው አሉ፤ እሱ ግን ያበደሩትንና የደገፉትን የሴንት ሉዊስ ሰዎች ጨምሮ ማለቱ እንደነበር ተናግሯል። እኛም በዚህ ጋዜጣ ላይ እኛ ብለን ስንጽፍ ከኋላችን ስንት ሰው እንዳለ ስለምናውቅ ይህ ነገር ደስ አሰኝቶናል።

መንግሥት ተጠባባቂነቱን አልረሳም። ከሻምበልነት በአንድ ጊዜ በተጠባባቂ ጦሩ ኮሎኔል አደረገው። በጦር ሜዳ ለተፈጸመ ጀግንነት የሚሰጠውን ትልቁን የክብር ሜዳሊያም ኮንግሬስ በልዩ ሕግ ሰጠው።

ይህ በር ግን ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። ቤሲ ኮልማን የምትባለው ጥቁር አሜሪካዊት ሊንድበርግ ኔብራስካ ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀድማ፣ በጁን 1921፣ የአብራሪነት ፈቃድ ይዛለች። ፈቃዷን ያገኘችው ግን ፈረንሳይ አገር ሄዳ ነው፤ በአገሯ የሚያስተምራት አጥታ፤ ጦሩማ ለሴትም ለጥቁርም ዝግ ነበር። በእሷ ፈለግ የተነሣው ጆን ሮቢንሰን ቺካጎ ላይ የበረራ ትምህርት ቤት ቆዳህ ጥቁር ነው ብሎ መልሶት ታግሎ ነው የገባ። የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል ጥቁር አብራሪ መቀበል የጀመረው በ1941 ነው። ሮቢንሰን ያን አልጠበቀም፤ በ1935 ወደ እኛ አገር መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች የመራው እሱ ነው። ሊንድበርግን የተቀበለው ጦር እሱን ቢቀበለው ኖሮ አዲስ አበባ ባልመጣ ነበር። ለእኛ በጀን እንበል?

በዲሴምበር 1927 ሊንድበርግ ሜክሲኮ ሲሄድ የአሜሪካ አምባሳደር ልጅ የሆነችውን አን ሞሮን አገኘ። በ1929 ተጋቡ። አን ዝም ብላ ባሏን የምትጠብቅ ሚስት አልሆነችም። በ1930 ሞተር አልባ አውሮፕላን ለማብረር ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች፤ በማግሥቱ ዓመት የሞተር አውሮፕላን ፈቃድም አወጣች። በ1931 በሰሜን በኩል ዞረው ጃፓንና ቻይና ሲሄዱ፣ በ1933 ደግሞ አትላንቲክን ሲዞሩ፣ የሬዲዮውን ሥራ የምትሠራው እሷ ነበረች። የበረራ ታሪኩን በመጽሐፍ የጻፈችውም እሷ ናት። እሱ የጦሩ ኮሎኔል፣ እሷ የኮሎኔሉ ሚስት ተባለች። መዝገቡ ላይ ለእሷ ዓምድ አልነበረውም።

በማርች 1 ቀን 1932 የሃያ ወር ልጃቸው ከመኝታው ተሰረቀ። 50,000 ዶላር ማስለቀቂያ ከፈሉ። ሕፃኑ በሜይ ወር ከቤታቸው ብዙ ሳይርቅ ሞቶ ተገኘ። ከዚህ በላይ አንጽፍም። የጋዜጠኛው ግርግር አላስኖር ስላላቸው በዲሴምበር 1935 አገራቸውን ትተው እንግሊዝ ገቡ። ልብ በሉ፣ በዚያው ወር ነው ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን የደበደበው።

ከዚህ ወዲያ ያለው የሊንድበርግ ሕይወት ልጅቱ የነገረችን አይደለም፤ እንዲነገርም ግድ ነው። ከ1936 ጀምሮ ጀርመን አገር እየተመላለሰ የሂትለርን አየር ኃይል ጎበኘ፤ ባየውም ተደነቀ። በ1938 ከጎሪንግ እጅ ሜዳሊያ ተቀበለ። አባቶቻችንን በመርዝ ጋዝ የፈጀው የሙሶሊኒ ወዳጅ የሆነ መንግሥት ሜዳሊያ ነው። በ1939 ወደ አሜሪካ ተመልሶ፣ ተጠባባቂ ነውና ተጠርቶ ለጥቂት ጊዜ ዩኒፎርም ለብሶ ስለ አውሮፕላኖች ጦሩን አማከረ። ጦርነቱ ሲጀመር ግን አሜሪካ እንዳትገባ በየአዳራሹ መናገር ያዘ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በአደባባይ ታማኝነቱን የሚያጎድፍ ነገር ሲናገሩት፣ በኤፕሪል 1941 የተጠባባቂ ኮሎኔልነቱን መልቀቂያ ጻፈ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አይዋ ግዛት፣ ዴ ሞይን ከተማ ባደረገው ንግግር አይሁዶችን ወደ ጦርነት ከሚገፉን ወገኖች አንዱ ናቸው ብሎ ከሰሰ። አይሁዶች አውሮፓ ውስጥ በሚታደኑበት ሰዓት ይህን መናገር ነውር ነበር፤ ስንት ሰው ያከበረው ስም በአንድ ማታ ረከሰ። አብራሪነቱ ሌላ ነገር፣ ይህ ሌላ ነገር ብለን ለማለፍ አልደፈርንም።

በዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሐርበርን ስትደበድብ ልመለስ አለ። መንግሥት አልቀበልህም አለው። ማዕረጉን ለመተው የፈጀበት አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ለመመለስ ግን 13 ዓመት ወሰደበት። ለጊዜው በአውሮፕላን ፋብሪካዎች አማካሪ ሆኖ ሠራ። በ1944 የኩባንያ ባለሙያ ሆኖ ወደ ፓስፊክ ጦር ግንባር ሄደ። ለወጣቶቹ አብራሪዎች ሞተሩን በዝግታ እያሠሩ ነዳጅ መቆጠብን አስተማራቸው፤ በዚህም አውሮፕላኖቹ ከቀድሞው በብዙ ርቀው ደርሰው መመለስ ቻሉ። የድሮው የፖስታ አብራሪ፣ ነዳጅ አልቆበት በጨለማ የዘለለው ሰው፣ የሚያስተምረው ነገር ነበረው። ሲቪል ሆኖ ሳለ 50 ያህል የውጊያ በረራ አድርጓል፤ አንድ የጃፓን አውሮፕላንም መትቶ ጥሏል።

በ1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ወደ መዝገቡ መለሱት፤ በአየር ኃይሉ ተጠባባቂ ጦር ብርጋዴር ጄኔራል አደረጉት። በዚያው ዓመት ስለ ፓሪሱ በረራ የጻፈው መጽሐፍ ፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በዚያው በ1954 ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ሲያሠለጥን የነበረው ጆን ሮቢንሰን በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ላይ ሞተ።

ሊንድበርግ በኦገስት 26 ቀን 1974፣ በኛ ነሐሴ 20 ቀን 1966፣ ሃዋይ ውስጥ ማዊ ደሴት ላይ በካንሰር ሞተ፤ መቃብሩን ራሱ አስቆፍሮ ነበር። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ ከሦስት ሴቶች ሰባት ልጆች በስውር መውለዱ ታወቀ። ከአን ስድስት ልጆች ነበሩት። አን ይህ በይፋ ሳይወጣ በ2001 ዐርፋለች። አባላችን የሆኑ አንዲት ሴት ረቂቁን ሲያነቡ እዚህ ጋ ሲደርሱ ወረቀቱን አስቀምጠው ሻይ ሊያፈሉ ሄዱ።

ሊንድበርግ በሞተበት በዚያው በ1974 ነው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን በአብራሪነት ያስመረቀው፤ አየር ኃይሉ ሴቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ1976 ነው። ለአን ያልነበረው ዓምድ ለአባላችን ልጅ አለ።

ባለፈው ሳምንት እናትና ልጅ እንደገና ወደ ቢሮ መጥተው ነበር። ልጅቱ ያመጣችውን ወረቀት አብረን አየነው። እንደ ሊንድበርግ ዘመን አይደለም፤ ዲግሪ ይጠየቃል፣ ዜግነት ይጠየቃል፣ ከሥልጠናው በኋላ 10 ዓመት የማገልገል ግዴታ አለ። እኛ እንደ ልማዳችን በአንድ ገጽ ላይ በግራ የምታገኘውን፣ በቀኝ የምትሰጠውን ጻፍንላቸው። በግራ በኩል ብዙ ቁጥር አለ። በቀኝ በኩል ካለው ውስጥ ወደ ቁጥር ልንቀይረው ያልቻልነው አንድ መስመር ነበር፤ ባዶውን ተውነው። እናቲቱ ጣታቸውን እዚያ ባዶ መስመር ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ፈተናው ስንት ቀን እንደቀረው ልጃቸውን ጠየቁ። ለፈተናው የሚያስፈልጓትን መጻሕፍት ዋጋ ከማኅበሩ የትምህርት ብድር እንድትወስድ ኮሚቴው ተስማምቷል፤ ዋስ የሆኑት እናቷ ናቸው።